ቢላዋ ለመቀጥቀጥ በቀጨኔ ጓሮ የተተከለ የአንጥረኛ ቤት፦ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በብየዳ ሙያ የሚተዳደር አንድ የ31 ዓመት ወጣት ከጥቅምት እስከ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በቀጨኔ፣ ከወላጆቹ ቤት ጓሮ ቢላዋ የሚቀጠቀጥበት አነስተኛ የአንጥረኛ ቤት እንዴት እንዳቋቋመ ይመረምራል። ወጣቱን ቀደም ሲል የብረታ ብረት ሥራ ያስተማርኩት እኔ ስሆን፣ ሥራውን ሲጀምር ምክር ፈልጎ ስለመጣ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እየሄድኩ የታዘብኩትን ጽፌ ይዣለሁ። ከእኔ ማስታወሻ ሌላ ሁለት ማስረጃዎች አሉኝ፤ አንደኛው እሱ ለእያንዳንዱ ቢላዋ ቀኑን፣ የብረቱን ምንጭና የደረሰበትን ሁሉ የሚመዘግብበት ደብተር ሲሆን፣ ሁለተኛው የተሰበሩት ቢላዋዎች የሚጠራቀሙበት የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ ያስተማረን ጣሳው ነው።

በቤታቸው የአንጥረኛ ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ ስለ መሣሪያ ነው፤ መስፉ (ብረት ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበት) ስንት ኪሎ ይሁን፣ ምድጃው በጋዝ ወይስ በከሰል ይንደድ፣ መዶሻው ምን ዓይነት ይሁን ይላሉ። እኔም ለዓመታት መልስ የሰጠሁት በዚያው መንገድ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ሥራውን ያበላሸውም ኋላ ያቃናውም በማንኛችንም የዕቃ ዝርዝር ላይ ያልሰፈረ ነገር ነው፤ ይኸውም ወደ ሥራ ቦታው የሚገባው የብርሃን መጠን ነው።

የመጀመሪያው ተከላ

ጓሮው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ገደማ የሚሆን፣ በአንድ በኩል በጎረቤት አጥር፣ በሌላው በኩል በማድ ቤቱ ግድግዳ የተከለለ ባዶ መሬት ነበር። ወጣቱ ጣሪያ ሊሠራለት አልፈለገም። ምክንያቱም ትክክለኛ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የነደደ ከሰል በየዓመቱ በከተማችን ስንት ቤተሰብ እንደሚፈጅ ስለሚያውቅ፣ ጭሱና ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ እንደልብ እንዲበተን ሥራውን በጠራራ ሰማይ ሥር ማድረግን መረጠ። እኔም ምርጫውን ደግፌያለሁ። ይህን የምጽፈው ከስህተቱ ድርሻዬን ለመውሰድ ነው።

በመጀመሪያ የሠራው ምድጃ በጋዝ የሚነድ ነበር። ያረጀ የጋዝ ሲሊንደር ቆርጦ ውስጡን ሙቀት በሚቋቋም የሴራሚክ ሱፍ ለበጠ፤ ጋዙ አየር እየሳበ የሚገባበትን በርነር ደግሞ ከውጭ አገር ሰዎች ተንቀሳቃሽ ምስል አይቶ፣ ልኩን ሳይለውጥ ገጣጠመው። ምድጃው ነደደ፤ ነበልባሉ ግን እየተንቀለቀለ ከአፉ ይወጣ ነበር እንጂ ብረቱን ከደብዛዛ ቀይ አላሳለፈውም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ራስ ምታት ያዘን። የችግሩ ምንጭ ከፍታው ነው። ቀጨኔ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ አገር የተለካው በርነር የሚስበው አየር ለሚረጨው ጋዝ አይበቃም፣ በከፊል የተቃጠለው ጋዝም ወደ መርዝነት ይለወጣል። ጋዙ የሚወጣበትን ቀዳዳ ማጥበብ ነገሩን እንደሚያሻሽለው ሞክረን አረጋግጠናል። ይሁን እንጂ በኅዳር ወር ጋዝ ከገበያ በመጥፋቱ ምድጃው ወደ ጥግ ተገፋ፤ እስከዚያ ቀን ካወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የፈሰሰው ለዚህ ምድጃ ነበር። ሱፉም ሲነካካ የሚበነው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ሽፋን ሳይደረግለት መተዉ ሌላ ጥፋት ነበር፤ በኋላ በጭቃ ለስኖ ከድኖታል።

ሁለተኛው ምድጃ የከሰል ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት አፈር አምጥቶ ከጭድና ከአመድ ጋር አቡክቶ፣ በጉልበት ከፍታ ላይ ጎድጓዳ ምድጃ አበጀ፤ አየሩን በጎን የሚያስገባ ቧንቧ አስገባበት፤ ለንፋስ ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ ገጠመለት። እዚህ ላይ ብየዳ ለዓመታት የሠራ ሰው ሊስተው የማይገባ ስህተት ሠራ፤ ቧንቧው ከውኃ መስመር የተረፈ፣ ዚንክ የተቀባ ብረት ነበር። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ በመሆኑ በፍሙ ውስጥ ያለው የቧንቧው ጫፍ ነጭ ጭስ ማውጣት ጀመረ። ያን ቀን ማታ ወባ እንደያዘው ሰው አንቀጠቀጠው፤ በማግሥቱ ለቀቀው። እናቱ ወተት አጠጡት፤ እኛ በያጆች ሁላችን ወተት የምንጠጣው ከጭሱ ያድነናል ብለን ነው፤ ነገር ግን ጭሱ የሚገባው ሳንባ ውስጥ፣ ወተቱ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው። ቧንቧው በዚያው ሳምንት ባልተቀባ ወፍራም ብረት ተተካ።

መስፉን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ብዙዎች የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ይመክራሉ፤ ሐዲድ ግን የሕዝብ ንብረት በመሆኑ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መግዛት የሌባ ተባባሪ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የከባድ መኪና አክሰል ጫፍ ገዛ። አክሰሉን እንደ ሐዲድ ከማጋደም ይልቅ ቀጥ አድርጎ በማቆሙ ክብደቱ ሁሉ ከመዶሻው ምት ሥር ሆነለት፤ ገጹ ከመዳፍ ብዙም ባይሰፋም ለቢላዋ በቅቷል። የቆመበት የባሕር ዛፍ ጉማጅ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ሁለት የብረት ቀለበት አጠለቀለት። ጉጠቶቹን ራሱ ከፌሮ ቀጥቅጦ ሠራ፤ ሞርሳ፣ ግራይንደርና ሞረድ ቀድሞም ነበሩት። ለጀማሪ ከዚህ በላይ መሣሪያ አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ።

አሥራ አንዱ ቢላዋዎች

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቢላዋዎች ከፌሮ የተቀጠቀጡ ነበሩ። ፌሮ በመጠኑ የሚቀጠቀጥ፣ የሚታዘዝና በሁሉም ሰፈር የሚገኝ ብረት ነው፤ ነገር ግን የካርቦን መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ አግሎ ቢነክሩት ስለት ለመያዝ የሚያስችል ጥንካሬ አያገኝም። ሁለቱም ሽንኩርት ቆረጡ፤ በሦስተኛው ቀን ደነዙ። ቀጥሎ ወደ ባሌስትራ ተሸጋገረ። የጭነት መኪና ባሌስትራ በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ የሚደርስ ካርቦንና ከ1 በመቶ ያነሰ ክሮሚየም ያለው ብረት በመሆኑ፣ ዘይት ውስጥ ሲነከር በሚገባ ይጠነክራል፤ ለቢላዋም፣ ለመጥረቢያም፣ ለማጭድም ይሆናል። የአገራችን አንጥረኞች ብረቱን ከመኪና መለዋወጫ ክምር መርጠው የሚያወጡት በከንቱ አይደለም።

ከኅዳር መጨረሻ እስከ ገና ዋዜማ ከባሌስትራ ዘጠኝ ቢላዋዎች ሠራ። የሥራው ቅደም ተከተል ከመጽሐፍ ጋር የሚስማማ ነበር፤ ብረቱን አግሎ ዘረጋ፣ ጫፉን አሾለ፣ ስለቱን አሳሳ፣ በሞረድ አስተካከለ፣ እንደገና አግሎ በዘይት ነከረ። ቅርጻቸው የሚያምር ስለነበር ሦስቱን ለሰፈሩ ሉካንዳ ቤት ለሙከራ ሰጠ። ከገና ማግሥት የሥጋ ቆራጩ አንዱን በሁለት ቁራጭ ይዞ መጣ፤ ከጎድን መገጣጠሚያ ላይ ጠምዘዝ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ እንደተሰበረ ነገረን። እግዚአብሔር ይመስገን እጁን አላገኘውም። የቀሩትን ሰብስበን በሞርሳ ውስጥ አንድ በአንድ ስንፈትናቸው ከዘጠኙ ሰባቱ ሳይጎብጡ ተሰበሩ።

የተሰበረ ብረት ገጹ ብዙ ይናገራል። በደንብ የተያዘ ብረት ሲሰበር ስብራቱ ግራጫና ልም ይሆናል፤ ጠጠሩ፣ ማለትም ብረቱ የተገነባባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ በዓይን አይለይም። የእነዚህ ቢላዋዎች ስብራት ግን እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ፣ ጠጠሩ በግልጽ የሚታይ ነበር። ይህ ማለት ብረቱ ከመነከሩ በፊት ከሚገባው በላይ ግሏል፤ በግለቱም እነዚያ ጥቃቅን ጠጠሮች እያደጉና እየገጠሙ ሄደው በመካከላቸው ያለው ትስስር ደክሟል ማለት ነው። አንዱ ቢላዋ ብቻ የተለየ ምክንያት ነበረው፤ በስብራቱ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለ ዝገት የያዘ አሮጌ ስንጥቅ ታየ፤ ባሌስትራው መኪናው ላይ ሳለ ዓመታት የተሸከመው ድካም ያመጣው ስንጥቅ ነው። ያገለገለ ብረት ይህን ይደብቃል።

ወጣቱ ከሚገባው በላይ አላጋልኩም ብሎ ተከራከረኝ። ብረቱን ያወጣው፣ እንዳስተማርኩት፣ የበሰለ የቡና ፍሬ ሲመስል እንደነበር በደብተሩ አሳየኝ። ቀኑንና ሰዓቱንም ጽፏል፤ አብዛኛው ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሰዓቱን አንብበን ምንም ነገር አላስተዋልንም።

ሽማግሌው ቤት

በዚያው ሰፈር ከአርባ ዓመት በላይ መጥረቢያ፣ ፋስና ዶማ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አረጋዊ አንጥረኛ አሉ። ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ በደጃቸው እያለፈ አድጓል እንጂ ገብቶ አያውቅም ነበር። በጥር አጋማሽ ከተሰበሩት ቢላዋዎች ሁለቱን ይዘን ሄድን። ቤታቸው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት፣ መስኮት የሌለው፣ ግድግዳውና ጣሪያው በጥላሸት የጠቆረ የጭቃ ጎጆ ነው። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ሲሆን የልጅ ልጃቸው ሁለቱን ከረጢት እያፈራረቀ ይነፋል። እኔ፣ በሙያው ሌሎችን የማስተምር ሰው፣ ያን ጨለማ ስመለከት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መስኮት ቢያወጡለት ምን ነበረበት የሚል ነው። ጨለማው ድህነት መስሎን ነበር።

ሽማግሌው ስብራቱን ወደ በሩ አስጠግተው አዩና፣ «ይህን ብረት አቃጥለኸዋል፤ የት ሆነህ ነው የምትሠራው?» ብለው ጠየቁት። ጓሮ፣ ሜዳ ላይ መሆኑን ሲነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ምንም ሳያብራሩ ከፍሙ ውስጥ የነበረ የመጥረቢያ ብረት በጉጠት አወጡና፣ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉት። የበሰለ ቡና ነው፣ አለ። ብረቱን እንደያዙ በሩን ከፍተው ወደ ፀሐይ ወጡ፤ ያው ብረት፣ በዚያው ቅጽበት፣ ገና ምንም ያልጋለ ጥቁር ብረት መሰለ። ወጣቱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ለስንት ዓመት የቀለም ሠንጠረዥ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሠንጠረዡ የሚነበበው በየትኛው ብርሃን እንደሆነ ለተማሪዎቼ አንድም ቀን አልተናገርኩም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጋለ ብረት የሚያወጣው ብርሃን በቀትር ፀሐይ ፊት ኢምንት ስለሆነ፣ በጥላ ውስጥ በ830 ዲግሪ ገደማ የሚታየው ቀይ ቀለም ሜዳ ላይ ጨርሶ አይታይም፤ ሠሪው ያንኑ ቀይ እስኪያይ ሲጠብቅ ብረቱ ከ1,000 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። ወጣቱ በደብተሩ የጻፈው ቀለም ትክክል ነበር። ያየበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ከዚህም የሚልቅ ነገር አሳዩን። ብረቱን መልሰው ከፍሙ ጨምረው፣ ወናፉን አስረግበው፣ ቀስ እያለ ሲግል ገጹን እንድንመለከት አዘዙን። ቀዩ እየደመቀ መጣና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እየደመቀ መሄዱን ገታ፤ እንደ ደመና ጥላ ያለ ጠቆር ያለ ነገር ከቀጭኑ ጫፍ ተነሥቶ በብረቱ ላይ ወደ ወፍራሙ በኩል ተጓዘ፤ ጥላው ካለፈ በኋላ ብረቱ እኩል ደመቀ። «ጥላው ካለፈ ንከረው፤ አትጨምርበት» አሉ። በዘመናዊው ትምህርት ይህ ክስተት የብረቱ ውስጣዊ አደረጃጀት ሲለወጥ ሙቀት ስለሚውጥ ለቅጽበት የሚፈጠር መደብዘዝ ነው፤ ብረቱ ለመነከር ዝግጁ የሚሆነውም ለውጡ እንደተፈጸመ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። በዓይኔ ያየሁት ግን በዚያ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ሜዳ ላይ ወይም በትልቅ መስኮት በተሞላ የትምህርት ቤት ወርክሾፕ ውስጥ ሊታይ አይችልምና።

ጥላና ጭስ

ጉዳዩ አሁን ወደ ሁለት የሚቃረኑ ፍላጎቶች ተለወጠ። ብረቱን ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል፤ በከሰል ጭስ ላለመመረዝ ደግሞ ነፋስ ያስፈልጋል። ሽማግሌውን የተከተለ ሰው ጎጆውን እንዳለ ይቀዳል፤ እኔ ግን የእሳቸውን ሳልና የታመመ ዓይናቸውን ስላየሁ አልመከርኩም።

ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማንበት ቤት ይህን ይመስላል። ቋሚዎቹ የብረት ቱቦ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን፣ ከጣሪያው ጫፍ ላይ በሙሉ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት ተትቶ በላዩ ሌላ ጠባብ ቆርቆሮ ከፍ ተደርጎ ተከደነ፤ ጭሱ ይወጣል፣ ዝናብና ብርሃን ግን በቀጥታ አይገቡም። ግድግዳዎቹ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ክፍት ናቸው፤ ከጉልበት በላይ እስከ ጣሪያው በቆርቆሮ ተሸፍነው ውስጣቸው በጥላሸትና በተልባ ዘይት ተቀብቷል። ቀዝቃዛው አየር ከሥር ይገባል፣ የሞቀው በላይ ይወጣል፤ ከሥር የሚገባው ብርሃን መሬቱን እንጂ የሠሪውን ዓይን አያገኘውም። በሩ በሰሜን በኩል ሆኖ ወፍራም ድርብ ጆንያ ተንጠልጥሎበታል፤ ጆንያው የሚወርደው ሲነከር ብቻ ነው። ከምድጃው በላይ የሚንጠለጠል የጭስ ማውጫ ቆብ ከላሜራ ተሠራ። መሬቱ አሸዋና ጠጠር ነው፤ የዘይቱ ዕቃ ብረት ሆኖ ክዳኑ በሰንሰለት ታስሮበታል፤ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋም ሁልጊዜ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል። በእሳት የተያያዘ ዘይት ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን መበተን ስለሆነ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይህን እንዲያውቅ አድርጓል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ ወጪው ለጋዙ ምድጃ ካፈሰሰው አነሰ።

አነካከሩ

ሁዳዴ በየካቲት 25 ሲገባ ሉካንዳ ቤቱ ስለተዘጋ ጥድፊያው ቀረ፤ ሃምሳ አምስቱ ቀን ለሙከራ ተረፈ። በመጀመሪያ ቢላዋ አልሠራም። ከእያንዳንዱ ባሌስትራ ጣት የሚያክል ቁራጭ እየቆረጠ፣ እያጋለ፣ እየነከረ፣ እየሰበረ ስብራቱን ከቀድሞዎቹ ጋር በደብተሩ ላይ አስተያየ። ሞረድ ሲያሹበት የሚያንሸራትት፣ ሲሰበርም እንደ ልም አመድ የሚታይ ብረት ያለውን ባሌስትራ ለየ፤ ሌላውን ለጉጠትና ለመዶሻ እጀታ ማጠንከሪያ አዋለው።

ማግኔት በገመድ ከጣሪያው አንጠለጠለ። ብረት በ770 ዲግሪ ገደማ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ለባሌስትራ መነከሪያው ሙቀት ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ማግኔቱ ሥራው ለዓይን ምስክር መሆን ነው፤ ጥላው ሲያልፍ ባየበት ቅጽበት ብረቱን ወደ ማግኔቱ ያስጠጋዋል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አይነክርም። ሽማግሌው ማግኔቱን ሲያዩ «የእኔን ዓይን ያላመነ» ብለው ቀለዱ፤ ኋላ ግን ራሳቸው አንድ ወሰዱ።

ሌላው ማሻሻያ ከመነከሩ በፊት የሚደረግ ነው። ቅጥቀጣው ሲያልቅ ቢላዋው ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው የሙቀቱን መጠን ትንሽ ዝቅ እያደረገ፣ ግሎ ያለ ንፋስ በአየር ላይ ይቀዘቅዛል። በቅጥቀጣ ጊዜ ያደገውን የብረቱን ጠጠር መልሶ የሚያልመው ይህ ነው። ደብተሩ እንደሚያሳየው ይህ ከተጀመረ በኋላ ስኳር የሚመስል ስብራት አንድም ጊዜ አልታየም።

ዘይቱ የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ የተጠቀመው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር፤ የሚያወጣው ጭስ ክፉ ስለሆነ ጎረቤት ሳይከስ እኛው ተውነው። ቀጥሎ የሞከረው የረጋ የፓልም ዘይት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን በቀጨኔ ጧት እንደ ሻማ ይደርቃል፤ ስለዚህ የጋለ የብረት ቁራጭ እየተነከረበት እስከ 50 ወይም 60 ዲግሪ ይሞቃል። የሞቀ ዘይት ከቀዘቀዘው ይልቅ ቀጥኖ ብረቱን በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዝ ይህ ችግር መስሎ የመጣ ጥቅም ሆነ። ሽማግሌው ውኃ ነው የሚያጠጡት። ለመጥረቢያ ጫፍ የእሳቸው እጅ ይችለዋል፤ ለቀጭን የባሌስትራ ቢላዋ ግን ውኃ ከመጠን በላይ ፈጣን ስለሆነ ሁለት ቢላዋ ሰነጠቀበት።

የተነከረ ቢላዋ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው፤ ጥንካሬውን መጠነኛ ማላላት ያስፈልጋል። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ቴምፐሪንግ የምንለው ይህ ሲሆን ለቢላዋ 200 ዲግሪ ገደማ ላይ ለሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። ወጣቱ ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ አልነበረውም። የነበረው የእናቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እናቱ «ያሟሸሁትን ምጣድ ብረት አይነካውም» ስላሉ፣ ጠርዙ የተሸረፈ አሮጌ ምጣድ ገዝቶ፣ በላዩ አሸዋ አልብሶ ቢላዋዎቹን ቀበራቸው። በቴርሞሜትር ሲለካ የምጣዱ መሐልና ዳር በሃያና በሠላሳ ዲግሪ እንደሚለያዩ ስላወቀ ቢላዋዎቹን በየግማሽ ሰዓቱ ያዟዙራል። ከመቀበሩ በፊት አንዱን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አብርቶት ስለነበር ቀለሙም ይመሰክራል፤ ፈዛዛ የገለባ ቀለም ሲሆን በቂ ነው፤ ወደ ቡናማ፣ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ስለቱ ለስላሳ ሆኗል።

ለእጀታ ወይራና የበሬ ቀንድ ተጠቀመ፤ ከነሐስ ዘንግ በተቆረጠ ሚስማርም አያያዘው። ከቀንዱ ሽታ በቀር ስለዚህ ክፍል የሚነገር ችግር የለም።

ጎረቤትና ስም

የመዶሻው ድምፅ ከእሳቱ በላይ ሰው አስቆጣ። የመጀመሪያው አቤቱታ የመጣው በ21 ቀን ነው፤ አጥር የሚጋሩት እናት የማርያም ዕለት ብረት መቀጥቀጡን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ወጣቱ እሳቸውን ከዕድሩ ሽማግሎች ጋር ቡና አጠጥቶ ተስማማ፤ እሑድ፣ በ12፣ በ21 እና በ27 ቀን መዶሻ አይነሣም፤ በሌላውም ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አይመታም። በእነዚያ ቀናት ደብተሩን ይጽፋል፣ ምጣዱን ይጠብቃል። የአክሰሉ ጩኸት ደግሞ በወገቡ ሰንሰለት ሲጠመጠምበትና ጉማጁ በአሸዋ ሣጥን ውስጥ ሲቆም በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ስለ ስሙ ጉዳይ እናቱ የተናገሩት ይከብዳል፤ «አስተምሬህ ጠይብ ልትባል ነው?» አሉት። ብረት የሚሠራን ሰው በቡዳነት መጠርጠር በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ያን ጊዜ ምን ያህል ከብዶ እንደነበር ያሳያል። በብየዳ ሲሠራ ማንም እንዲህ ያለው አልነበረም። ከፍም አጠገብ ሲቀመጥ ግን ስሙ ተለወጠ። እኔ እንደማየው ሽማግሌው በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ ከቤተሰባቸው ውጭ ያላገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የብርሃኑን ነገር በየወርክሾፑ የሚያስተምር ሰው የጠፋውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

ከፋሲካ በኋላ

ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 20፣ በአዲሱ ቤት የተሠሩ 12 ቢላዋዎች ተዘጋጁ። እያንዳንዱ ከመሰጠቱ በፊት ስለቱ በነሐስ ዘንግ ላይ ተጭኖ ተፈተነ፤ በጥሩ ሁኔታ የተነከረና የላላ ስለት ዘንጉ ላይ ሲጫን ጎበጥ ብሎ ይመለሳል፤ የደረቀው ይሸረፋል፣ የለሰለሰው ጎብጦ ይቀራል። ሁለቱ ጎብጠው ስለቀሩ እንደገና ተነከሩ። የቀሩት ለሉካንዳ ቤቱና ለሁለት የቅርጫ ማኅበሮች ተሰጡ፤ ያው የሥጋ ቆራጭ በጎድን ላይ ሲፈትነው ቆሜ አይቻለሁ፤ ከልማዱ ውጪ ቀስ ብሎ ነበር የጠመዘዘው።

በግንቦት ወር የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመጉደሉ ኤሌክትሪክ በመላ አገሪቱ በፈረቃ ሆነ። የፀጉር ማድረቂያው ቆመ፤ ምጣዱም ቆመ። ለንፋሱ ከመኪና ማሞቂያ የወጣ የ12 ቮልት ማራገቢያ በባትሪ ላይ አሠረለት፤ ፍጥነቱ በቀላሉ የሚገታ በመሆኑ ከማድረቂያው የተሻለ ሆነ፤ ማድረቂያው ብዙ ንፋስ እየነፋ የብረቱን ገጽ ቅርፊት ያለብሰው ነበርና። ምጣዱ ግን በባትሪ አይሠራም። የተነከረ ቢላዋ ሳይላላ ማደር ስለማይገባው፣ የመንከሪያውን ቀን የቤቱ መብራት በሚመጣበት ፈረቃ ላይ አደረገው።

እስከ ሰኔ መጨረሻ በደብተሩ የተመዘገቡት አዲስ ቢላዋዎች 26 ናቸው። ሦስቱ ተሰብረዋል፤ ሁለቱ በውኃ የተሰነጠቁት ሲሆኑ አንዱ አሁንም የአሮጌ ባሌስትራ ስንጥቅ ነበረው። አራቱ ሲነከሩ ጠምመዋል፤ ለዚህ ሁነኛ መፍትሔ አልተገኘም፤ ስለቱን ከመነከሩ በፊት ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በታች አለማሳሳቱ ቀንሶታል እንጂ አላስቀረውም። ክረምቱ ሲገባ ከሥር ክፍት የሆነው ግድግዳ ጎርፍ ስላስገባ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮለታል። የጋዙ ምድጃ አሁንም ጥጉ ላይ አለ፤ ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበታለች።

ሽማግሌው በሰኔ አንድ ቀን መጥተው ቤቱን አዩት። ጉልበታቸው ድረስ ያለውን ክፍተት፣ የጣሪያውን ጭስ መውጫ፣ ማራገቢያውን እየነካኩ ዞሩ። ከዚያ በሩ አጠገብ ቆመው ከጆንያው ጎን የሚገባውን ቀጭን የብርሃን መስመር በጣታቸው አሳዩትና፣ «ይችን ድፈናት» አሉት። በማግሥቱ ደፈናት።